በትንሽ ሕመም ጊዜ ስለ ማረፍ

አንባቢ ሆይ፤ ሕመም መልካም ነገር ነው ብሎ የሚነግርህ ሰው ቢመጣ አትስማው። ራስ ምታትና ጉንፋን ለሰው ደስታ የተሰጡ አይደሉም። ዳሩ ግን ከማይወደድ ነገር ውስጥ እንኳ የሚጠቅመውን ለይቶ ማውጣት የብልህ ሰው ሥራ ነውና፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስተኝቶ ስለሚለቅ ትንሽ ሕመም ጥቂት እንነጋገር። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሥራው ሳያልቅ ሰውነቱ እንቢ ያለው ሰው ቢያርፍ ስንፍና ነውን? ስንፍና ካልሆነስ ከዕረፍቱ የሚያገኘው ትርፍ ምንድር ነው?

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥልህ ወደ አምባሰል አገር ልውሰድህ። ግሸን ደብረ ከርቤ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ መልኩም መስቀል የሚመስል አምባ እንደ ሆነ ታውቃለህ። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለእመቤታችን በዓል ከየአገሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይመጣል፤ ከፊሉ በመኪና፣ ከፊሉም በእግሩ። ጊዜው ክረምቱ የሚወጣበት፣ የቀን ፀሓይና የሌሊት ብርድ የሚፈራረቁበት ስለ ሆነ፣ በመንገድ ጉንፋን የሚይዘው ሰው አይታጣም። እንግዲህ ከደሴ የተነሣ አንድ ተማሪ ከአምባው ግርጌ ሲደርስ ጉንፋን ጸናበት እንበል። ጓደኞቹ ሽቅብ ሲወጡ እርሱ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። በመጀመሪያ የሚመጣበት አሳብ ኀፍረት ነው። «ሽማግሌዎቹ በምርኵዝ እየወጡ እኔ ጐበዙ እንዴት እቀመጣለሁ?» ይላል።

ይህ ኀፍረት ግን ነገሩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። የሕክምና ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት፣ የበሽታ ተሕዋስያን ወደ ሰውነት በገቡ ጊዜ ሰውነትን የሚጠብቁት ሕዋሳት ለአንጐል መልእክት የሚያደርሱ ቅመሞችን ይልካሉ። አንጐልም መልእክቱን ተቀብሎ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ እጅና እግርን ያዝላል፤ እንቅልፍንም ያመጣል። እንግዲህ ድካሙ ራሱ ሰውነት ኀይሉን ሰብስቦ ወደ ውስጡ ጦርነት የሚያዞርበት ሥርዐት ነው። የተኛው ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል እንጂ ሰውነቱ ከብርቱ ሥራ ላይ ነው። ነቢዩ ኤልያስም በምድረ በዳ ደክሞ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውሃ ነበረ እንጂ ተግሣጽ አልነበረም። በልቶ ጠጥቶም ደግሞ ተኛ። ወደ ኮሬብ የሚወስደውን የአርባ ቀን መንገድ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ትርፍ ማስተዋል ነው። ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1656 ዓ.ም. ፔንዱለም የሚባል ተወዛዋዥ ያለበትን ሰዓት የፈለሰፈ ሰው ነው። በ1665 ዓ.ም. በየካቲት ወር ትንሽ ሕመም ይዞት ጥቂት ቀን ከክፍሉ ሳይወጣ ቈየ። በዚያም ሳለ ከአንድ መስቀያ ላይ የተሰቀሉት ሁለት ሰዓቶቹ ምታቸው ፈጽሞ የተስማማ መሆኑን አየ። ስምምነታቸውን ሆን ብሎ ቢያፋልሰውም በግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ተመልሰው ይስማማሉ። ምክንያቱን ቢመረምር፣ ሁለቱን የተሸከመው እንጨት ለዓይን በማይታይ እንቅስቃሴ የአንዱን ምት ለሌላው እንደሚያደርስ ተረዳ። ሰዓቶቹን የሠራቸው በጤናው ጊዜ ነው፤ ይህን ምስጢራቸውን ያስተዋለው ግን ሕመም ከቤት ባዋለው ጊዜ ነው።

ከዛፉ ሥር የተቀመጠው ተማሪም እንዲሁ ያያል። እየሮጠ ያልፋቸው የነበሩትን ሰዎች አሁን ይመለከታቸዋል፤ ዐይነ ስውሩን የሚመራውን ልጅ፣ ሕፃን አዝላ ሦስት ጊዜ ዐርፋ አራተኛ የምትነሣውን እናት ያያል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የእርሱን ስንቅ በራሱ ስንቅ ላይ ደርቦ የሚወጣውን ጓደኛውን ያያል። የእርሱ መቀመጥ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሸክም እንደ ጨመረ ያን ጊዜ ያውቃል።

አንባቢ ሆይ፤ ስንፍናና ዕረፍት የሚለዩት እዚህ ላይ መሆኑን ልብ አድርግ። ሰነፍ ሸክሙን ጥሎ ማን እንዳነሣው አይጠይቅም። በእውነት ያረፈ ሰው ግን ሸክሙን ማን እንዳነሣለት ያያል፤ ያመሰግናል፤ በተነሣም ጊዜ ብድሩን ይመልሳል። መቀመጥ በራሱ ምግባር አይደለም። በዚሁ በግሸን አምባ ላይ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተብለው ለብዙ ዘመን በግዞት ተቀምጠዋል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1434 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት በዚያ እንደ ነበሩ ይነገራል። ያ መቀመጥ ግዞት ነበረ እንጂ ዕረፍት አልነበረም። ስለዚህ ሥራውን በግድ ላጣ ሰው ወይም ጽኑ በሽታ ለጣለው ሰው «ዕረፍት ነውና ደስ ይበልህ» አትበል፤ ቍስሉን ትነካበታለህ።

ትንሹንም ሕመም ከትልቁ ለይ። ጉንፋን በዕረፍትና ትኩስ ነገር በመጠጣት ያልፋል። ዝናብ ካቈመ በኋላ ግን በቈላው ወባ ይበረታልና፣ ከዚያ የተመለሰ ሰው ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ቢይዘው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ትንፋሽ ማጠርም ቢመጣ እንዲሁ ያድርግ። ይህን እያወቁ መተኛት ቸልተኝነት ነው።

አሁን ወደ ቤትህ ተመልከት። አንተ ጉንፋን ይዞህ በተኛህ ቀን ሾርባውን የሚያፈላ፣ ውሃ የሚያመጣ፣ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ማን ነው? እርሱስ ባለፈው ወር ሲያስል ማን አሳረፈው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም የመጀመሪያውን አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወሮች በግማሽ ደመወዝ እንዲያርፍ ይፈቅዳል። በሰው ቤት የምታገለግለዋን ሴት ግን ይህ ዐዋጅ አላካተታትም፤ የእርስዋን ነገር ወደ ፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። እንግዲህ እርስዋ በታመመች ቀን ዕረፍቷ በአንተ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፤ ትንሽ ሕመም በያዘህ ጊዜ አትፈር፤ አትቈጣም፤ ተኛ። ተኝተህም ሳለህ ቤቱን የሚያቆሙትን እጆች ቍጠር። በዳንህም ማግስት ከእነዚያ አንዱን ጠርተህ፣ «ዛሬ አንተ ዕረፍ፤ ሥራህን እኔ እሠራለሁ» በለው። ይህን ብታደርግ የሕመምህ ቀኖች በከንቱ አላለፉም።