የማይታየውን መመዘን

በመቱ ገበያ ቡናውን የሚሸጥ ገበሬ ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም። ሩብ ኪሎ እንኳ ቢጎድልበት ዝም አይልም፤ የሐሰት ሚዛን በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የተጠላ መሆኑን ያውቃልና። ከዚያው ገበያ ዳር ግን ማንም የማይመዝነው ሌላ ነገር በየዕለቱ ይራገፋል፤ ይኸውም የተሽከርካሪ ጭስ ነው። በትክክል ልንመዝነው ለማንችለው ጉዳት ተጠያቂዎች ነን ወይ? ይህን ጥያቄ ከአንባብያን ጋር ልናሰላስለው ወደድን።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በበደሌ በኩል መቱ የሚደርሰው መንገድ ወደ ጎሬና ወደ ጋምቤላ ይቀጥላል። አውቶቡሱ፣ አይሱዙውና ከባዱ የጭነት መኪና ይመላለሱበታል፤ በከተማው ውስጥም ባጃጁ አለ። ከእነዚህ ከሚወጣው በካይ ነገር ብዙው ከዓይን የተሰወረ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ጠልቀው የሚገቡት ብናኞችም ከሰው ጠጉር ሃያ ጊዜ ያህል የቀጠኑ ናቸው።

ባለሙያዎች ይህን የሚገምቱበት መንገድ ለማንም የሚገባ ነው። የተሽከርካሪዎቹን ቁጥር፣ እያንዳንዱ የሚጓዘውን ኪሎ ሜትርና በአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጣውን ግራም ያባዛሉ። ለአብነት ያህል፣ 50 አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች በከተማ ውስጥ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ሜትር ቢጓዙና በየኪሎ ሜትሩ ግማሽ ግራም ብናኝ ቢያወጡ፣ ድምሩ በቀን 250 ግራም ይሆናል። ይህም ሩብ ኪሎ ነው። ሩብ ኪሎ ቡና ሰውን ከሰው ያከራክራል፤ ሩብ ኪሎ ጥላሸት ግን ጠያቂ የለውም።

የዚህ ስሌት ደካማ ጎን የመጨረሻው ቁጥር ነው። በኪሎ ሜትር የሚወጣው ግራም ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው በሌላ አገር ከተለኩ ሞተሮች ነው። የእኛ መኪና ግን ዕድሜው የገፋ፣ ጭነቱ የበዛ፣ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣ በመሆኑ ግምቱ ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ፈተናዎች ይገጥሙናል። አንዱ፣ «ቁጥሩ እርግጠኛ ካልሆነ ኃላፊነትም የለብንም» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የራስን አሳንሶ የሌላውን አግንኖ መቁጠር ነው። ሁለቱም የሐሰት ሚዛን ናቸው።

እርግጠኛ ቁጥር እስኪገኝ መጠበቅ ተገቢ እንዳልሆነ የእርሳስ ቅልቅል ያለበት ቤንዚን ታሪክ ያስተምረናል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ታወቀ፤ የእያንዳንዱን ተጎጂ ሕፃን ስም ግን ማንም ሊጽፍ አይችልም ነበር። ያም ሆኖ አገሮች አንድ በአንድ ተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም የነዳጅ ማደያዎች ፈጽሞ ተወገደ። የተጎጂው ስም አለመታወቁ ዕዳውን አልሰረዘውም።

ከዚህም ሌላ አማካይ ቁጥር ሰውን ይሸሽጋል። ሕፃኗን አዝላ በመንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ እናት የምትተነፍሰው አየርና ከመንገዱ ርቆ የሚኖረው ሰው የሚተነፍሰው አንድ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የአየር ብክለት በተለይ ድሆችን እንደሚጎዳ አመልክተዋል።

«መኪናው ባይኖር ሕመምተኛው ሐኪም ቤት እንዴት ይደርሳል? ቡናውስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለው፤ ሾፌሩን በደለኛ ማድረግም ፍትሕ አይሆንም። ኃላፊነት የሚለካው በአቅም ነው። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ሆኖም ቀድሞ የገቡት ገና ብዙ ዓመት ይጓዛሉ። ስለዚህ ባለ መኪናው ፊልትሮውን በጊዜው ይለውጥ፤ ሾፌሩም በመናኸሪያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሞተሩን ያጥፋ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጆችን ይዘው ከመንገዱ ራቅ ብለው በመቀመጥ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች በየዓይነታቸው ቢያስቆጥሩ መልካም ነው። ውጤቱ ፍጹም አይሆንም። ነገር ግን ልጆቹ ለባልንጀራቸው እስትንፋስ መጠንቀቅን ከዚያ ይጀምራሉ፤ እኛም «አላየንም» የምንልበት ምክንያት አይኖረንም።