የአሠልጣኙ ቁጣና የተመልካቹ ፍርድ

ቁጣን በምን እንመዝነዋለን? በተነሣበት ምክንያት፣ በወረደበት ሰው ወይስ ባስገኘው ውጤት? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፈላስፋው አርስጣጣሊስ መቆጣት ለማንም ቀላል እንደ ሆነ፣ በሚገባው ሰው ላይ፣ በሚገባው መጠንና ጊዜ መቆጣት ግን ከባድ እንደ ሆነ አስተምሯል።

ይህንኑ ጥያቄ በአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል እንመርምረው። ይህ ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ሲሆን፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና ብርቱ ግፊያ ያለበት ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ስታዲየም ግን ከ100,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። አሠልጣኙ በሜዳው ዳር እየተመላለሰ በዳኛው ላይ ሲጮኽ ወይም አንዱን ወጣት በሕዝብ ፊት ሲያዋርድ ሁሉም ያየዋል፤ ሁሉም ይፈርድበታል።

ፍርዱ ግን ብዙውን ጊዜ ውጤቱን ተከትሎ ይሄዳል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ጩኸቱ «ለሥራው ያለው ቅንዓት» ይባላል፤ ሲሸነፍ ያው ጩኸት «ራሱን መግዛት ያቃተው» ያሰኘዋል። ጸጥተኛውም አሠልጣኝ ሲያሸንፍ አስተዋይ፣ ሲሸነፍ ግዴለሽ ይባላል።

ዉዲ ሄይስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1951 ጀምሮ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን 28 የውድድር ዘመናት መርቶ 205 ጊዜ አሸንፏል። በ1971 በዳኞች ተቆጥቶ የሜዳ ዳር ምልክቶችን ሰባበረ፤ በ1977 አንድ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ መታ። እንዲህም ሆኖ በሥራው ቆየ። ዲሴምበር 29 ቀን 1978 ግን ቡድኑ በክሌምሰን 17 ለ15 በተሸነፈበት ግጥሚያ ኳሱን የቀማውን የተቃራኒ ቡድን ተማሪ በቡጢ መታው፤ በማግስቱም ከሥራው ተሰናበተ። ያ ቡጢ በአንድ ሌሊት የበቀለ አልነበረም፤ በድል ዘመን በዝምታ የታለፈው ቁጣ ፍሬ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው በሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን እየዞረ የሚጠይቅ ነበር፤ በ1986ም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። እንግዲህ ድሉ ቡጢውን አያጥብለትም፤ ቡጢውም በጎነቱን አይሰርዝበትም። በድርጊቱ ላይ መፍረድ ይገባል፤ ሰውየውን በአንድ ድርጊት መደምደም ግን አይገባም።

«ያለ ቁጣ ወጣት አይታረምም» የሚሉ አሉ። በእርጋታው የታወቀው የኔብራስካው ቶም ኦዝቦርን ከ1973 እስከ 1997 ባሉት 25 የውድድር ዘመናት 255 ጊዜ አሸንፏል። ነገር ግን ባያሸንፍስ ኖሮ እርጋታው ነውር ይሆን ነበርን? አይሆንም። እርሱንም በድሉ ብቻ ካመሰገንነው ያንኑ የተሳሳተ ሚዛን ይዘናል ማለት ነው።

ትክክለኛው ሚዛን ቁጣው የወረደበት ሰው ነው። ስሕተቱን አውቆ እንዲታረም ረድቶታልን? ወይስ መልስ ለመስጠት የማይችለውን ተማሪ አዋርዶ የቆጪውን ንዴት ብቻ አበረደ? የመሰለፍ ዕድሉ በአሠልጣኙ እጅ ያለ ወጣት ዝም ቢል ተስማምቷል ማለት አይደለም።

ይህ ፍርድ የእኛም ነው፤ ወላጆችና መምህራን ነንና። ልጆቻችን ስንፈርድ ያዳምጡናል። ስላሸነፈ ብቻ ተሳዳቢን ብናደንቅ፣ ኃይለኛ ሰው ደካማውን ቢያዋርድ ነውር እንደሌለበት እናስተምራቸዋለን። ስለዚህ በሰው ቁጣ ላይ መፍረድ ካለብን፣ ማን እንዳሸነፈ ሳንጠይቅ እንፍረድ።