በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ሸራ

የእህቴ ልጅ ባጃጁን ጊዜዋ ሳይደርስ ሊመልስ መወሰኑን የነገረኝ እዚሁ አዘና፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነበር። ባጃጇን የወሰደው በየወሩ ኪራይ እየከፈለ በመጨረሻ ባለቤቷ ሊሆን ተዋውሎ ነው። መንገዱ ሲዘጋና ቤንዚን ሲጠፋ ግን የወሩ ክፍያ ከወሩ ገቢ በለጠበት። ዋሱ እኔ ነኝና ውሉንና የርክክብ ቅጹን ይዞልኝ መጣ። በቅጹ ላይ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና ሁለት ቁልፍ ተዘርዝረዋል። ከሥሩ ሁሉንም አሟልቶ መረከቡን የሚገልጽ ቃልና የልጁ ፊርማ አለ።

«ጋሼ፣ ክሪኩን እኮ አልሰጡኝም» አለኝ። «ደስታው ይዞኝ ሳላይ ፈረምኩ። ስመልስ ማስከፈላቸው አይቀርም። የዝናብ መከለያው ሸራ ግን አብሮ መጥቶ ሳለ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። እናቴ ማገዶ ሸፍናበታለች። እነሱ ክሪኩን ካስከፈሉኝ እኔም ሸራውን ባስቀር እኩል ለእኩል ሆንን ማለት አይደለም?»

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም ይህ የአንድ ልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የትርፍ ሰዓት ሥራው ያልተከፈለው ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ይዞ ይወጣል። ቀብድ የተበላበት ተከራይ ሲለቅ አምፖሉን ነቅሎ ይሄዳል። ሁሉም ሐቄን ነው የወሰድኩት ይላል። የተበደለ ሰው በእጁ ካለው የበዳዩ ንብረት ላይ በደሉን ራሱ መቁረጥ ይችላልን?

ፉቀሃዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የተለያየ አቋም አላቸው። በአንድ በኩል የሂንድ ቢንት ዑትባ ታሪክ አለ። ባለቤቷ አቡ ሱፍያን ለእርሷና ለልጇ የሚበቃ ቀለብ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባመለከተች ጊዜ፣ ሳያውቅ ከገንዘቡ በአግባቡ የሚበቃቸውን እንድትወስድ ፈቅደውላታል። በዚህ ላይ ተመርኩዘው የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማዎች፣ ሐቁን ለተከለከለና በሌላ መንገድ ማግኘት ላልቻለ ሰው ሰፋ ያለ ፈቃድ ሰጥተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ አለ። አማናን ላመነን ሰው እንድንመልስ፣ የከዳንንም መልሰን እንዳንከዳ ያዘዘናል። የሐንበሊይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ወደዚህኛው ያዘነብላል።

እኔ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን የእህቴ ልጅ ጉዳይ ሰፊውን ፈቃድ እንኳ ቢይዝ የሚጸና አልመሰለኝም። የሚስትና የልጅ ቀለብ ማንም የማይክደው፣ ምክንያቱ በአደባባይ የታወቀ ሐቅ ነው። የክሪኩን አለመኖር ግን የሚያውቀው ልጁና አላህ ብቻ ነው። ተረካቢው ሠራተኛ ፊርማውን አይቶ ክሪኩ ጠፍቷል ቢል ውሸታም ልንለው አንችልም። ከዚያም በላይ ልጁ ገና አልተጠየቀም፣ ገና አልተናገረም፣ ገና አልከፈለም። ሊደርስበት ይችላል ብሎ ለፈራው በደል ነው ካሣውን አስቀድሞ በእጁ ያደረገው። ደግሞስ ሸራው ቢቀር የሚጎዳው ማን ነው? ባጃጇን ቀጥሎ የሚከራየው ድሃ በአዊ ክረምት ተሳፋሪውን ዝናብ እያስመታ ይሠራል። እርሱ በክሪኩ ነገር ውስጥ ምን አለበት?

በኢጃራ ሕግ የተከራየ ዕቃ በተከራዩ እጅ አማና ነው። ተከራዩ ካላጠፋና ቸል ካላለ በቀር ዕዳ የለበትም። የአማና ልኩ ደግሞ የተጻፈው ሳይሆን የተቀበልነው ነው። ይህን የአዊ አባቶች ያለ ቅጽ ያውቁታል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ለሚደረገው የፈረሰኞች በዓል ፈረስ የተዋሰ ሰው፣ ማንም ሳይቆጥርበት ኮርቻውን፣ ልጓሙንና እርካቡን አሟልቶ ይመልሳል። ኮርቻውን አስቀርቶ ወረቀት አልፈረምኩም ቢል ሁለተኛ ፈረስ የሚያውሰው አይገኝም።

ይህን ሁሉ ስል አከራዮችን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። አማና ከሁለቱም ወገን ነው። በአገልግሎት ያለቀ ጎማ ኪራዩ ሲከፈልበት የኖረ ነውና እንደ ጉዳት ሊቆጠር አይገባም። የጎደለ ዕቃም ቢሆን የሚከፈለው በእውነተኛ ዋጋው ልክ ነው። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው የኢስላማዊ ፋይናንስ ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ ከዘገየ ክፍያ የሚገኝ ቅጣት ለበጎ አድራጎት እንዲውል እንጂ የአከራዩ ገቢ እንዳይሆን ደንግጓል። ከሰው መቸገር ማትረፍ ካልተፈቀደ ከጠፋ ክሪክ ማትረፍም አይፈቀድም። በሀገራችን ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት ተስፋፍቶ፣ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኢጃራ የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ቅርብ ሆኗል። ውሉን ሐላል የሚያደርገው ግን ስሙ ብቻ ሳይሆን ርክክቡም ጭምር ነው።

ለዚህ ከሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሑነይን ዘመቻ በፊት፣ ገና ካልሰለመው ከሰፍዋን ጥሩር ተዋሱ። ከዘመቻው በኋላ የተወሰነው ጠፋ። መጥፋቱን ራሳቸው ነገሩት፤ ካሣ ልንክፈልህን? ብለውም ጠየቁት። እርሱ ግን ልቡ ወደ ኢስላም አዘንብሎ ነበርና አልፈልግም አለ። አሸናፊው ወገን የጎደለውን ራሱ ሲናገር፣ ባለንብረቱም ሐቁን ሲተው እናያለን። አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ነው።

ሸራውን አጥበን ይዘነው እንጅባራ ሄድን። ልጁ የክሪኩን ነገር በግልጽ ተናገረ። ሠራተኛው አዳመጠውና ወደ እኔ ዞሮ «አባቴ፣ ፊርማው እኮ አለ» አለኝ። የክሪኩ ዋጋ ከመያዣው ገንዘብ ተቀነሰ። ቅሬታችንን በጽሑፍ አስገባን፤ ይህን እስከጻፍኩበት ቀን መልስ አላገኘንም። ሸራውን ስንሰጠው ግን ሠራተኛው ቅጹን ላይ ታች አየና የሚያሰፍርበት መስመር ስላጣ በኅዳጉ ላይ በእጁ ጻፈው።

ወደ አዘና ስንመለስ ልጁ «ታዲያ ምን አተረፍን?» ሲል ጠየቀኝ። በገንዘብ ምንም አላተረፍንም፤ እንዲያውም ከሥረናል፤ ይህንኑ ነገርኩት። የክሪኩን ነገር ዛሬም በድፍረት መከራከር የሚችለው ግን ከእነርሱ ዘንድ የደበቀው ነገር ስለሌለ ነው። ማገዶው ላይ ሸራቸው ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ያንን ቅሬታ በምን አንደበት ይጽፈው ነበር?

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ዕዳን ስለመጻፍ የወረደው ነው። ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ ታዟል። ስለዚህ ወጣቶቻችን ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ፣ ክሪኩን በእጃችሁ ያዙ፣ ሸራውንም አስጽፉ። ሳይጻፍ ከቀረም መልሱት። ወሏሁ አዕለም።