ለራስህስ ምን አደረግህ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965፣ ኬንያ ነጻነትዋን በተቀዳጀች በሁለተኛው ዓመት፣ በሙራንጋ አካባቢ ካንዳራ በተባለው ሥፍራ አንድ ሕዝባዊ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ተናጋሪው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ነበሩ። የካንዳራ ሕዝብ እንደራሴ ደግሞ ቢልዳድ ካጊያ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ንግግራቸውን ወደ እንደራሴው አዙረው፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ በቅኝ ገዥዎች ዘመን አብረዋቸው የታሰሩትን ሰዎች በስም ይጠሩ ጀመር። ፖል ንጌይ ቡና ተክሏል፤ ፍሬድ ኩባይ ትልቅ ቤትና ያማረ እርሻ አለው፤ ኩንጉ ካሩምባ አውቶቡሶች አሰማርቷል። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ያው ጥያቄ ይመለስ ነበር፤ ካጊያ፣ አንተስ ለራስህ ምን አደረግህ?

ይህ ጥያቄ በመልኩ ዘለፋ ነው። በውስጡ ግን አንድ ሙሉ የኑሮ ፍልስፍና ይዟል። ዘለፋው ከተናጋሪውና ከተዘለፈው ጋር አልፏል፤ ፍልስፍናው ግን አላለፈም። ስለዚህ የካጊያ ሕይወት መመርመር የሚገባው የአንድ ሰው ታሪክ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሕዝብን ለማገልገል የተነሣ ሰው ለራሱ ምን ያህል ማድረግ ይገባዋል? ለራሱ ምንም አለማድረጉስ ምስጋና ነው ወይስ ነቀፋ? የካንዳራው ጥያቄ ወደነዚህ ጥያቄዎች ያደርሳል።

ካጊያ በ1921 ተወለዱ። በዚያ ዘመን ለአፍሪካውያን ተከፍተው ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ስመ ጥር ወደነበረው ወደ አሊያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመግባት ቢመረጡም የትምህርት ቤቱን ክፍያ የሚከፍል ስላልተገኘ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሥራ ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በመካከለኛው ምሥራቅና በእንግሊዝ አገር አገለገሉ። ከጦርነቱ ሲመለሱ የሚሲዮናውያኑን ቤተ ክርስቲያን ትተው አፍሪካውያን በራሳቸው መሪነት የሚያመልኩበትን እንቅስቃሴ መሠረቱ። ቀጥሎም በናይሮቢ የሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ ገብተው ከፍሬድ ኩባይ ጋር ሆነው የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረትን የናይሮቢ ቅርንጫፍ በ1951 በእጃቸው አደረጉ። በጥቅምት ወር 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ኬንያታ፣ ካጊያ፣ ኩባይ፣ ንጌይ፣ ካሩምባና አቺየንግ ኦኔኮ ተይዘው በካፔንጉሪያ ለፍርድ ቀረቡ። የማው ማውን ንቅናቄ መርታችኋል ተብለው በ1953 ሰባት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደባቸው። ካጊያ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም በማይርቀው፣ በበረሃማው ሎኪታውንግ ታስረው ከቆዩ በኋላ በ1961 ተፈቱ። በ1963ም የካንዳራ ሕዝብ መርጧቸው ምክር ቤት ገቡ፤ በትምህርት ሚኒስቴርም የፓርላማ ጸሐፊነት ሹመት ተሰጣቸው።

እስከዚህ ድረስ የስድስቱ እስረኞች መንገድ አንድ ነበር። መንገዱን የከፈለው መሬት ነው።

ነጮች ሰፋሪዎች ይዘውት የነበረው ለም መሬት ወደ አፍሪካውያን እጅ የሚመለስበት ዋናው ዘዴ ግዢ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ የሆነው የሠፈራ ዕቅድ ወደ 35,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ለማስፈር የታለመ ሲሆን፣ ለሰፋሪዎቹ ነጮች ዋጋው የሚከፈለው በአመዛኙ ከእንግሊዝ በተገኘ ብድር ነበር። ዕዳውን ከምርቱ እየቀነሰ የሚከፍለው አዲሱ ገበሬ ነው። መንግሥት ለዚህ የሚያቀርበው ምክንያት ቀላል የሚባል አልነበረም። የባለቤትነት መብት ከተናጋ እርሻው ይወድቃል፣ የውጭ ገንዘብ ይሸሻል፣ ነጻነትም ማለት ሁሉን በነጻ ማግኘት አይደለም ይል ነበር። ካጊያ በበኩላቸው የተወሰደ መሬት ባለቤቱ መልሶ በገንዘቡ ሊገዛው አይገባም አሉ። ከብቱ ተሰርቆበት በገበያ ላይ ያገኘው ሰው ዋጋውን ክፈልና ውሰድ ቢባል ፍርዱን ፍርድ የሚለው የለም። በተለይም በአስቸኳይ ጊዜው ዘመን እነሱ ጫካና እስር ቤት ሳሉ መሬታቸው የተወረሰባቸውን ሰዎች ነገር ካጊያ ሊተዉት አልቻሉም። በ1964 ፕሬዚዳንቱ ይህን ትችት እንዲያቆሙ ባሳሰቧቸው ጊዜ፣ የካንዳራ ሕዝብ እንደራሴ ሆነው መሬታቸውን ያጡትን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መርሳት እንደሚያዳግታቸው ገልጸው ከሹመታቸው ተለዩ። የካንዳራው ስብሰባ የተደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት ወር 1965፣ በዚሁ ክርክር ከካጊያ ጎን ይሰለፍ የነበረው ፒዮ ጋማ ፒንቶ በናይሮቢ በጥይት ተገድሏል።

እንግዲህ ጥያቄውን እንመርምር። ካጊያ ያነሡት ነገር የመሬት ነገር ነበር። የተሰጣቸው መልስ ግን ስለ መሬት አልነበረም፤ ስለ ካጊያ ነበር። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሁን? ለሚለው ጥያቄ፣ አንተ ራስህ ምን አለህ? የሚል ጥያቄ በመልስነት ቀረበ። የክርክሩ ርእስ ሲለወጥ ፈራጁም ተለወጠ። መሬት አልባው ገበሬ ከሳሽ ሆኖ የቀረበበት ሸንጎ ድሃው እንደራሴ ተከሳሽ የሆነበት ሸንጎ ሆነ።

ሁለተኛም፣ ጥያቄው የእስራቱን ዘመን እንደ ብድር ይቆጥረዋል። ሰባት ዓመት የታሰረ ሰው ሰባት ዓመት አበድሯል፤ ስለዚህ አሁን ከነወለዱ ይቀበል እንደማለት ነው። በካፔንጉሪያ ስድስቱም የቀረቡት በአንድ ክስ፣ በአንድ ሕዝብ ስም ነበር። በነሱ ስም ሳይጠሩ የሞቱ፣ የተሰደዱ፣ በየሠፈራ ጣቢያው የታጐሩ ብዙ ነበሩ። ሰንሰለቱ የጋራ ሆኖ አዝመራው የግል የሚሆንበት ሥርዓት፣ ያልታሰረውን ብቻ ሳይሆን ስሙ ያልታወቀውን እስረኛ ጭምር ከሒሳቡ ውጭ ያደርገዋል።

ይህ አስተሳሰብ የኬንያ ብቻ ነው ብሎ መሸሽ አይቻልም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የካንዳራውን ጥያቄ ያለአስተርጓሚ ይረዳዋል። ሁለቱም ሹመትን እንደ መኸር ይመለከቱታል፤ ወቅቱ ሳያልፍ ያልሰበሰበ ሰው ደግሞ ንጹሕ ሳይሆን ሞኝ ይባላል። በሹመት ጊዜ መብላትን ሕግ ያደረገ ማኅበረሰብ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ክፋት ሌባን ማክበሩ ላይሆን ይችላል። ያልሰረቀውን እንዲያፍር ማድረጉ ከዚያ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሌባን ማክበር የዛሬን ሀብት ያጠፋል፣ ንጹሑን ማሳፈር ግን የነገን እንደራሴ ያጠፋል።

ለፍትሕ ሲባል ግን የሌላው ወገን ክርክር በሙሉ ኃይሉ መሰማት አለበት። በኬንያ አፍሪካዊው ገበሬ ለብዙ ዘመን ቡና እንዳይተክል ተከልክሎ ኖሯል። ቡና የሰፋሪው የነጭ ሀብት ነበር። ስለዚህ አንድ የቀድሞ እስረኛ በገዛ መሬቱ ላይ ቡና ተክሎ ሲታይ ነገሩ የስስት ምልክት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የተሰበረ እገዳ ምልክትም ነው። ድህነትም በራሱ ጽድቅ አይደለም። የእንደራሴው ጎጆ መጥበብ ለመሬት አልባው አንድ ጋት መሬት አይጨምርለትም። ከዚህም በላይ፣ የራሱን ጓዳ ያላደራጀ ሰው የአገርን ጓዳ እንዴት ያደራጃል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ በክፋት ይጠይቃል አይባልም።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ የካንዳራውን ጥያቄ ትክክል አያደርገውም። ንጌይ ቡና በመትከላቸው የሚነቀፉበት ምክንያት የለም። ነቀፋው የንጌይ ቡና የካጊያን አፍ መዝጊያ ሆኖ መቅረቡ ላይ ነው። አንድ ሰው ቡና መትከሉ እገዳው እንደተሰበረ ያሳያል፤ መሬት የሌለው ሰው ግን የተሰበረው እገዳ ምንም አይፈይድለትም፤ የሚተክልበት የለውምና። ጓዳን የማደራጀቱም ነገር እንዲሁ ነው። የአገር ጓዳ የሚመዘነው ባለሥልጣኑ ባከማቸው ሳይሆን የመጨረሻው ሰው በደረሰው ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ካጊያ ጥያቄውን ሳይመልሱ አልቀሩም። የእሳቸው «ራስ» ከካንዳራ መሬት አልባዎች ተነጥሎ የሚቆጠር አልነበረም፤ ለእነሱ ያልተደረገ ሁሉ ለእሳቸውም አልተደረገም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የሚያጽናና በሆነ ነበር። ነገር ግን አያበቃም። በ1966 ካጊያ ከኦጊንጋ ኦዲንጋ ጋር ሆነው ከገዥው ፓርቲ ከካኑ ወጥተው የኬንያ ሕዝብ ኅብረት ወደተባለው አዲስ ፓርቲ ገቡ። ወዲያውም ፓርቲ የለወጠ እንደራሴ እንደገና ይመረጥ የሚል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወጣና በዚያው ዓመት ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ካንዳራ ካጊያን አልመረጠም። የመንግሥቱ ኃይል በሙሉ በተቃዋሚዎቹ ላይ መዝመቱ የታወቀ ነው። ቢሆንም መራጩ ራሱ ይገዛበት የነበረውን ሚዛን ማየትም ያስፈልጋል። ሐራምቤ በተባለው የራስ አገዝ ዘመቻ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲሠራ ከሕዝቡ ጋር ከኪሱ የሚሰጥ እንደራሴ ይወደስ ነበር። ከኪሱ እንዲሰጥ ደግሞ ኪስ ሊኖረው ይገባል። እንዲህ ሲሆን፣ ለራስህ ምን አደረግህ? የሚለው የፕሬዚዳንቱ ጥያቄ፣ ለእኛስ ምን አመጣህልን? ሆኖ በድሃው አንደበት ይደገማል። ድሃው መብቱን እንደ ስጦታ መቀበል ከለመደ ሰጪውን ባለጸጋ መምረጡ አይቀርም፤ መብቱን መብት ብሎ የሚጠራለት ሰው ደግሞ ባዶ እጁን የመጣ ይመስለዋል።

ካጊያ በ1968 ባልተፈቀደ ስብሰባ ላይ ተናግረዋል ተብለው እንደገና ታሰሩ፤ በዚህ ጊዜ ያሰራቸው የታሰሩለት መንግሥት ነበር። በ1969 ወደ ካኑ ተመለሱ፤ በኋላም በአንድ የመንግሥት ቦርድ ሊቀመንበርነት አገለገሉ። ይህንን ድካም ሊሉት የሚፈልጉ አሉ። ሰው ግን ሐውልት አይደለም። ይልቅስ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመንግሥት በር ዳግመኛ ከተከፈተላቸውም በኋላ እንደ ባልንጀሮቻቸው ባለጸጋ ሳይሆኑ መጋቢት 7 ቀን 2005 ማረፋቸው ነው። የተሸነፉት በፖለቲካው እንጂ በጥያቄው አልነበረም።

የካንዳራውን ጥያቄ ከፖለቲከኞች ይልቅ አጥብቀው የያዙት የኬንያ ኪነት ሰዎች ናቸው። በ1977 ንጉጊ ዋ ጢዮንጎ ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በካሚሪጡ ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር ሆነው በጊኩዩ ቋንቋ ባዘጋጁት ትያትር፣ አንድ ኤከር ተኩል መሬቱን በባለጸጋ አሠሪው የተነጠቀ የድሃ ገበሬ ሕይወት በመድረክ ላይ ታየ። ትያትሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታገደ፤ ንጉጊ ዋ ጢዮንጎም በዚያው ዓመት መጨረሻ ያለፍርድ ታሰረ። መንግሥት አንድ ኤከር ተኩልን በመድረክ ላይ እንኳ መፍራቱ፣ የካጊያ ክርክር ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላም መልስ እንዳላገኘ ያስረዳል።

ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሹመት ሲያገኝ ጎረቤት ምን ብሎ ይመርቀዋል? ዘመድ በስንተኛው ዓመት፣ እስካሁን ቤት አልሠራህም? ይለዋል? የሕዝብ አገልጋይ የሚበላሸው በምክር ቤት አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ በእናት ጓዳ፣ በሠርግ ድንኳን፣ በዕድር ወሬ ውስጥም ነው። የካንዳራው ጥያቄ በየቤቱ በፍቅር ቃል ይጠየቃል። መምህሩ በክፍሉ፣ ጸሐፊው በድርሰቱ፣ ተዋናዩ በመድረኩ ያንን ጥያቄ ገልብጠው እስካላስለመዱት ድረስ ነገ የሚነሣው ካጊያም ብቻውን ይቆማል። የተገለበጠው ጥያቄም ረጅም አይደለም፤ አንተ ስትሾም መሬት ያልነበረው ሰው፣ አንተ ስትሻር መሬት አለውን?