ለሳተ ባልንጀራ ደግሞ ስለ ማቀበል

ትዕግሥት በሕመምና በኀዘን ቀን ብቻ የሚፈተን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ተማሪዎች ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ በሜዳው ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ ትዕግሥት እንዴት ያለ ከባድ ሥራ እንደ ሆነ በአንድ ሰዓት ይማራል።

በየቡድኑ ከሩቅ መወርወር ሥራው የሆነ ሰው አለ። ቀለበቱ ከምድር 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ የሩቁም መስመር በዓለም አቀፉ ሕግ 6 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ከዚያ ወዲያ ቆሞ ያገባ 3 ነጥብ ያስቈጥራል። ከ10 ውርወራ 4ቱን የሚያገባ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ እንግዲህ ምስጉኑ እንኳ ከሚያገባው የሚስተው ይበዛል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ያ ወጣት ግን አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ አንድ ወር በተከታታይ የሳተ እንደ ሆነ ዕውቀቱ ከሁሉ ይጠፋል። ተመልካቹ ያጉረመርማል፤ ባልንጀሮቹም በአፋቸው «አይዞህ» እያሉት ኳሱን ለሌላ ያቀብላሉ።

በዚህ ነገር ጥቂት እንቈይ፤ በደሉ ያለው እዚህ ነውና። «አይዞህ» ማለት ዋጋ አያስከፍልም። ኳሱን ማቀበል ግን ያስከፍላል፤ እርሱ ቢስት ሽንፈቱ የሁሉ ነውና። ስለዚህ አፍ ይታገሣል፥ እጅ ግን ይፈርዳል። የተፈረደበትም ሰው ይህን ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ኳሱ አንድ ቀን ሲደርሰው ወይ ቸኵሎ ይወረውራል፥ ወይ ፈርቶ ይመልሰዋል። ተጋጣሚዎቹም ይህን አይተው እርሱን ይተዉና በቅርጫቱ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ለቀሩትም መንገዱ ይጠብባቸዋል። እነርሱም ሽንፈቱን የእርሱ ነው ይላሉ።

ይህ ጨዋታ ራሱ ከክርስቲያኖች ቤት የወጣ መሆኑን ብዙ ተማሪ አያውቅም። በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ በእኛ አገር ወ.ወ.ክ.ማ. እየተባለ በሚታወቀው ማኅበር ትምህርት ቤት፥ መንፈሳዊ ትምህርት የተማረው መምህር ጀምስ ኔይስሚዝ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች አሰቅሎ ጀመረው። በመጀመሪያው ጨዋታ 18 ተማሪዎች ተሰልፈው አንድ ኳስ ብቻ ገባ ይባላል። አሥራ ሰባቱ ሳይቀናቸው ወጡ፤ መምህሩ ግን ቅርጫቱን አላወረደም።

አሁን ወደ ከተማችን ስም እንመለስ። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬውን ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙን በየቀኑ ከምንጠራው ከእኛ መካከል፥ ማርቆስ በወጣትነቱ ሥራውን ጥሎ የተመለሰ ሰው መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፥ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ወጥቶ ሳለ በጵንፍልያ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። ምክንያቱን መጽሐፍ አይነግረንም። ሁለተኛ ሊወጡ ባሰቡ ጊዜ በርናባስ ይህን ወጣት እንውሰደው አለ፤ ጳውሎስ ግን በሥራ መካከል የተለየንን አንወስድም ብሎ እንቢ አለ፤ ክርክሩም እስኪለያዩ ድረስ ጠነከረ። ጳውሎስን ክፉ ነበር አንልም፤ መንገዱ ድንጋይ የሚወረወርበት መንገድ ነበር፥ የሚታመንም ባልንጀራ ያሻው ነበር። ነገር ግን የበርናባስ ትዕግሥት የቃል ብቻ አልነበረም፤ ማርቆስን ይዞት ወደ ሥራ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ በእስራት ሳለ ለጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክት፥ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ለመነ። አገራችንም ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳትን ያስመጣችው በማርቆስ ስም ከሚጠራው ከእስክንድርያ መንበር ነው። ያን ጊዜ በርናባስ ፊቱን ቢመልስበት ኖሮ ይህ ሁሉ እንዴት በሆነ ነበር?

ይህ የጥንት ነገር ነው የሚል ቢኖር ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴና የሆነውን ያስብ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፥ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር አሸንፎ ነበር፤ በአቴና ግን የተረከዙ ጅማት ታምሞ ወደ ኋላ ቀረ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው ዘወር እያሉ ይመለከቱት፥ ይጠብቁትም ነበር። ሊደርስ አለመቻሉን ባዩ ጊዜ ሮጡ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፥ ስለሺ ሁለተኛ፥ ኃይሌ አምስተኛ ሆኑ። የጠበቁትም፥ የሮጡትም መልካም አደረጉ፤ ትዕግሥት ውድድሩን መጣል አይደለምና። ኃይሌም በመስከረም 2000 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ፤ በዓመቱም በዚያው ከተማ ወደ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ አወረደው።

እንግዲህ አሠልጣኙ የሳተውን ወጣት ለጥቂት ጊዜ ቢያሳርፈው አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ረስቶት እንደ ሆነ ነው። ወጣቱም በበኩሉ ባልንጀሮቼ ይታገሡኛል ብሎ ልምምዱን ቢተው ትዕግሥታቸውን ሰረቀ። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ፥ በዋሸራም ሆነ በዲማ፥ ጀማሪው ጉባኤ ቃናው ቤት ባይመታለት የኔታ ያርሙታል እንጂ ከጉባኤ አያስወጡትም፤ እርሱ ግን ለነገ ሌላ ቈጥሮ መምጣት አለበት።

እንዴት እንጀምር ለሚሉ ደግሞ በርናባስን ይመልከቱ። ማርቆስን የወሰደው ወደ ጵንፍልያ አልነበረም፤ ወደ ቆጵሮስ ወሰደው። ቆጵሮስ የበርናባስ የትውልድ አገር ነበረች፤ ማርቆስም በፊተኛው ጉዞ ሳይመለስ ያገለገለባት ደሴት ናት። እንዲሁ እጁ የሳተበትን ወጣት ማለዳ ሜዳው ባዶ ሳለ ወደ ቅርጫቱ ሁለት እርምጃ አቅርባችሁ አቁሙት፤ ከዚያም አቀብሉት፤ ሲገባለት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበል፥ ደግማችሁም አቀብሉት።