ልጆችን የሚጭን ሠረገላ



አባታችን ያዕቆብ፣ ልጁ ዮሴፍ በሕይወት እንዳለ በተነገረው ጊዜ ወሬውን ለማመን ተቸግሮ ነበር። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚተርክልን የሽማግሌው መንፈስ የታደሰው ዮሴፍ የላካቸውን ሠረገሎች በዓይኑ ካየ በኋላ ነው (ዘፍ. 45፥27)። ሠረገሎቹ የታዘዙት ለማን እንደ ሆነም መጽሐፉ ለይቶ ይናገራል፤ በእግራቸው ያን ሁሉ መንገድ ለማይዘልቁት ለሕፃናቱና ለሴቶቹ ነበር። ዮሴፍም በሠረገሎቹ ላይ የመንገድ ስንቅ ጨመረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፍቅር የተገለጠው በሚሽከረከር እንጨትና በተሸከፈ እህል ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በሮቤና በጎባ ቤት የሚለቅ፣ ዕቃ የሚያስር ሰው ይበዛል። መምህሩ ይዛወራል፣ የጤና ባለሙያዋ ትዛወራለች፣ ካቴኪስቱም ወደ ሌላ ቁምስና ይላካል። አንዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሌላው ሳነቴን ተሻግሮ ደሎ መና ይወርዳል። የጭነት መኪና ኪራይ ከአቅም በላይ ሲሆን በግቢው ጥግ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ቆሞ የከረመው ቫን ይታወሳል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን ማደስ የብዙ ቤተሰብ ምርጫ ሆኗል። በዚህ የሚያፍር አይኑር። ያለውን ጠግኖ መጠቀም የመልካም መጋቢ ሥራ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ደጋግመን ታዝበናል። ባትሪው ተሞልቶ፣ ሞተሪኖው ተፍቆ፣ ሞተሩ ሲነሣ ቤቱ በእልልታ ይሞላል፤ ጎረቤትም እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል፤ በማግስቱ ጭነት ይጀመራል። (አንዳንዴማ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠገነው ቴፑ ነው!) አስተዋይ መካኒክ ግን በሞተሩ ድምፅ አይደሰትም። እርሱ የሚጠይቀው፣ “ይህ መኪና መቆም ይችላል ወይ?” ብሎ ነው። ቆሞ በከረመ መኪና ላይ ዝገት የሚበላው ከሞተሩ ይልቅ ፍሬኑን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ያረጃል፤ ያረጀው ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ከፍሬኑ ሙቀት የተነሣ ይፈላል፤ በፈላ ጊዜም እንፋሎት ይሆንና የተረገጠው ፔዳል ምንም ሳይይዝ ወለል ይነካል። ጎማም እንዲሁ ያታልላል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎኑ ደርቆ ይሰነጠቃል። በጎኑ ላይ የተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት አኀዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2312 የሚል ቢገኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህን ለማንበብ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የናፍጣው ፊልትሮ፣ የሞተሩ ዘይትና ቺንጋው መለወጣቸው የታወቀ ነውና አናስረዝመውም። አይጥ የበላውን የኤሌክትሪክ ሽቦ መፈለግ ግን አይዘንጋ።

የባሌ ደጋ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያም በሐረና ደን በኩል ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጅብራውንና ቀይ ቀበሮውን እያየ በአድናቆት የሚያልፈው መንገደኛ፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሁለት ሦስተኛ በታች መሆኑን ላያስተውል ይችላል። አሮጌው ሞተር ግን ያውቀዋል፤ አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ውሃም በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ቀቅላ የምታውቅ እናት ይህን በምድጃዋ ተምራዋለች፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላው ግን ቶሎ አይበስልም። የራዲያተር ክዳን በደንብ ሲገጥም በውስጡ ግፊት ይዞ ውሃው ፈጥኖ እንዳይፈላ ያደርጋል። በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር ግን ዳገቱን ሳይጨርስ ባዶውን ይቀራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የጋራዥ ነገር ለነፍስ ምን ይረባል የሚል ቢኖር ኦሪት ዘዳግምን ይክፈት። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ ሙሴ ያዛል (ዘዳ. 22፥8)። የጣራ መከታ የግንበኛ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ግን በሕጉ ውስጥ አስገባው። በዕቃው ላይ፣ በፍራሹና በስንዴው ጆንያ መካከል የሚቀመጡት ልጆች ፍሬኑን አልመረመሩም፤ በአባታቸው ታምነው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቅድስት መንበር ስለ መንገድ ሐዋርያዊ አገልግሎት ባወጣችው መመሪያ ለአሽከርካሪዎች ከተሰጡት አሥር ምክሮች የመጀመሪያው አምስተኛውን ትእዛዝ የሚያስታውስ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

“እግዚአብሔር ያውቃል” የሚለው ቃል የእምነት ቃል ነው። ነገር ግን ፔዳሉ እንደሚሰምጥ እያወቀ የሚናገረው ሰው ቃሉን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ ሆኖ እየተናገረ ነው፤ ጌታችንም በዚያ ስፍራ የሰጠውን መልስ እናውቃለን (ማቴ. 4፥5-7)። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው የቡራኬ መጽሐፏ ለመጓጓዣዎች የሚሆን ቡራኬ አላት፤ እኛም ለሚጠይቀን ሁሉ በደስታ እንባርካለን። የተባረከውን ውሃ ከመርጨታችን በፊት ግን ፍሬኑ በማን፣ መቼ እንደ ታየ እንጠይቃለን። ካቴኪስቶችም ለጉዞ ጸሎት ሲጠሩ እንዲሁ ይጠይቁ፤ ይህ እምነት ማጉደል ተደርጎ አይቈጠርባቸውም።

አብዛኛውን ጊዜ ፍሬኑ የማይሠራው ከስንፍና የተነሣ ሳይሆን ገንዘብ በማጣት ነው። ስለዚህ ለቁምስናዎቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የሚዛወር ቤተሰብ ሲኖር ምእመናን ለሽኝት ግብዣ ማዋጣት ልማዳችን ነው፤ መልካምም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ከመዋጮው አስቀድሞ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ይገዛ፤ ለዳቦና ለቡና የሚተርፈው ይበቃል። ቁም ሳጥኑም በመኪናው ጣራ ላይ ከሚጫን ተሽጦ በሚሄዱበት ቢተካ ይሻላል፤ ከላይ የከበደ ቫን በጠመዝማዛ መንገድ ይገለበጣል።

ያዕቆብ በሌላ ጉዞው ዔሳው አብሮት እንዲፈጥን በጠየቀው ጊዜ እንቢ ብሎ፣ በልጆቹና በሚያጠቡት ከብቶች እርምጃ ልክ በቀስታ መሄድን መረጠ (ዘፍ. 33፥13-14)። ሳነቴን የሚያቋርጡም እንዲሁ ያድርጉ። ጠዋት ብርሃን ሲሆን ከጎባ ይነሡ። ወደ ሐረና የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ሽቅብ ቢሆን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱት፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይያዘው፣ ፍሬን ሲረገጥም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተረግጦ ይለቀቅ። ሪራ መንደር ሲደርሱ ይቁሙ፤ ልጆቹ ወርደው እግራቸውን ያፍታቱ። አባትየው የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መካከል አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ ጉዞው አይቀጥልም። ሁሉም እኩል ሞቀው ከሆነ ግን፣ ውሃ ሳይፈስባቸው በራሳቸው እስኪበርዱ ድረስ፣ እናትየው ከልጆቿ ጋር አንድ መቁጠሪያ ለመድገም በቂ ጊዜ ይኖራታል።