ናፍቆት የኢማን ድክመት አይደለም



ባሕር ማዶ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች! ለእናታችሁ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብላችሁ ስልኩን ከዘጋችሁ በኋላ የሚያንቃችሁን እንባ አላህ ያውቀዋል።

ሙሃጂሮች በ622 (እ.ኤ.አ.) መካን ትተው መዲና ሲገቡ አቡበከርና ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ታመሙ። በመካ አሸዋ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት «አሐድ፣ አሐድ» ያለው ሐበሻው ቢላል፣ ትኩሳቱ ቀለል ሲለው የመካን ሸለቆና ሣር እያነሳ በናፍቆት ያንጎራጉር ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሁለቱንም «እንዴት ናችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ለነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ነገረቻቸው። እሳቸውም አልገሠጹም፤ አላህ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው ዱዓ አደረጉ።

አያችሁ፣ ቢላልም ጠያቂ አስፈልጎታል። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጫማችሁን አጥልቃችሁ አትሩጡ። ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠውን አዲስ ተማሪ ሰላም በሉት፤ ስሙን ጠይቁት፤ ምሳ አብራችሁ ብሉ። የከፋችሁ እናንተ ከሆናችሁም ለምታምኑት ሰው ንገሩ። እንቅልፍና ምግብ ከራቃችሁ የዩኒቨርሲቲያችሁን አማካሪ ወይም ሐኪም አነጋግሩ፤ ታከሙ ያሉን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

አላህ ያላችሁበትን አገር ያስወድዳችሁ፤ ጠያቂ ወንድምና እህት አያሳጣችሁ። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!